ባንኩ ቤትዎን ለሐራጅ ካወጣው፦ ሐራጁን በፍርድ ቤት ለመቃወም ደረጃ በደረጃ

«ባንኩ ቤቴን ጋዜጣ ላይ አወጣው፤ ምን ላድርግ?» የሚል ስልክ ሳይደወልልኝ የሚያልፍ ሳምንት ጥቂት ነው። ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ ሐራጁ ሊካሄድ ሦስት ወይም አራት ቀን የቀረው ሰው ነው። ማስጠንቀቂያው ግን ከወር በፊት ደርሶት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። በስልክ የምነግራቸውን ሁሉ እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ጠበቃ ካለዎት ቢሮው ምን ይዘው እንደሚሄዱ ያውቁበታል። ከሌለዎትም ከየት እንደሚጀምሩ ይጠቁምዎታል።

መመሪያው ቤት በመያዣ ሰጥተው ከባንክ የተበደሩ ሰዎችን ይመለከታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት ራሱ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሐራጅ ላይ የሚወጣው ቤቱና ከቦታው ጋር ያለዎት መብት ነው። የገጠር እርሻ ይዞታ፣ መኪናና ማሽን በሌሎች ሕጎች ስለሚመሩ እዚህ አልገባባቸውም።

መጀመሪያ ይህን ይረዱ

ብዙ ሰው «ባንኩ ሳይከሰኝ እንዴት ይሸጣል?» ይላል። ይሸጣል። በባንክ በመያዣ የተያዘ ንብረትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 97/1990 በአንቀጽ 3 ይህን ይፈቅድለታል። ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለና በውሉ ላይ ስምምነት ካለ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን በሐራጅ ይሸጣል። ስሙንም ለገዢው ያዛውራል። በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ካልቀረበ በግምቱ ዋጋ ንብረቱን ለራሱ ሊወስደው ይችላል።

ከሳሽ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ማስረዳቱም የእርስዎ ሥራ ነው። «ተቸግሬ ነው ያልከፈልኩት» የሚለው ነገር እውነት ቢሆንም ሐራጁን አያስቆምም። ዳኛው የሚያየው ባንኩ በውሉና በሕጉ የተቀመጠውን መንገድ መከተሉን ነው። አዋጁ በባንኩ ሽያጭ ላይ ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 394 እስከ 449 ያሉት ድንጋጌዎች እንደ አግባቡ እንዲሠሩ ያደርጋል። ባንኩ እነሱን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ደግሞ በአንቀጽ 7 ተጠያቂ ይሆናል። ክስዎ የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

ይዘው የሚነሱት

- የብድር ውሉ፣ ከነማሻሻያዎቹ (ብድሩ ተራዝሞ ከነበረ የማራዘሚያው ውል ጭምር)
- የመያዣ ውሉ
- የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ኮፒ
- የደረሰዎት ማስጠንቀቂያ ከነፖስታው
- የሐራጅ ማስታወቂያው የወጣበት ጋዜጣ፣ ሙሉው ገጽ
- የከፈሉባቸው ደረሰኞችና የባንክ ስቴትመንት
- ከባንኩ ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ በሙሉ
- የጋብቻ ማስረጃ፣ ያገቡ ከሆነ
- መታወቂያ፣ በወኪል ከሆነ ደግሞ የውክልና ሰነድ

ፖስታውን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአደራ ደብዳቤ የመጣ ከሆነ ቀኑ የሚታየው ማህተሙ ላይ ነው። ባንኩ ደብዳቤውን የጻፈበት ቀንና እርስዎ የተቀበሉበት ቀን ሁለት ሳምንት ሊራራቁ ይችላሉ። ክሱ በሙሉ በዚያ ልዩነት ላይ ሊቆም ይችላል።

ደረጃ 1፦ ቀኖቹን ይቁጠሩ

አንድ ወረቀት ይውሰዱና አራት ቀኖች ይጻፉ። ማስጠንቀቂያው የተጻፈበት፣ የደረሰዎት፣ ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ የወጣበት፣ ሐራጁ የሚካሄድበት።

ለምሳሌ ማስጠንቀቂያው ጥር 5 ደርሶዎት ሐራጁ ጥር 28 ከሆነ 23 ቀን ብቻ ነው። አዋጁ ከሚጠይቀው ያንሳል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው። ጳጉሜ መሃል ስትገባ ግን ይጠንቀቁ። ነሐሴ 20 የደረሰ ማስጠንቀቂያ 30 ቀኑ የሚሞላው ጳጉሜ 5 በሆነችበት ዓመት መስከረም 15 እንጂ መስከረም 20 አይደለም። እዚህ ላይ ተሳስቶ ባንኩን የከሰሰ ሰው ገና በመጀመሪያው መልስ ይሸነፋል።

ማስጠንቀቂያው ለማን እንደተሰጠም ይጻፉ። ለእርስዎ በእጅ ነው? ለሠራተኛ? ለጎረቤት? በድሮ አድራሻ? በውሉ ላይ የሰጡትን አድራሻ ቀይረው ለባንኩ ካላሳወቁ «አልደረሰኝም» ማለቱ ያስቸግራል። አሳውቀው ከነበረ ግን የዚያ ደብዳቤ ኮፒ ወርቅ ነው።

ደረጃ 2፦ ውሉን ቃል በቃል ያንብቡ

አራት ነገር ይፈልጉ።

መጀመሪያ፣ ባንኩ ንብረቱን በሐራጅ እንዲሸጥ የተስማሙበትን አንቀጽ። የባንኩ ሥልጣን የሚመነጨው ከዚህ ስምምነት ነው። በአብዛኛው ውል ላይ አለ፤ ግን አለ ብለው አይገምቱ፣ ይዩት።

ሁለተኛ፣ የመያዣውን ገንዘብ መጠን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3045 የመያዣ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና የገንዘቡ ልክ በኢትዮጵያ ብር እንዲገለጽ ይጠይቃል። በተለይ ቤትዎን ለሌላ ሰው ብድር ያስያዙ ከሆነ ይህ ቁጥር ወሳኝ ነው። ቤቱ የተያዘው ለየትኛው ብድር ነው? እስከ ስንት? ለወንድምዎ የመጀመሪያ ብድር የሰጡት ቤት እርስዎ ላልፈረሙበት ሁለተኛ ብድር ሲሸጥ ዝም ብለው አይዩ።

ሦስተኛ፣ የትዳር ጓደኛ ፊርማ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዣ ለመስጠት የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። ያልፈረመው ወገን ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። በአንቀጽ 69 መሠረት ግን ይህን የሚያደርገው ባወቀ በ6 ወር ውስጥ ነው። ቢያውቅም ባያውቅም ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ መብቱ ያበቃል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ክልል የሚኖሩ የአካባቢያቸውን ሕግ ይመልከቱ።

አራተኛ፣ የመያዣው ምዝገባ። መያዣ ውጤት የሚኖረው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው። ምዝገባው የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው፤ ከዚያ መታደስ አለበት። ክፍለ ከተማው ካለው የይዞታ አስተዳደር ቢሮ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ይጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። «የመያዣ ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ አልተፈረመም፣ ስለዚህ ፈራሽ ነው» ብለው የሚከራከሩ አሉ። ይህ ክርክር በባንክ ላይ አይሠራም። አዋጅ ቁጥር 639/2001 ከባንክና ከማይክሮፋይናንስ ጋር የሚደረግ የመያዣ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ መመዝገብ እንደማያስፈልገው ደንግጓል። ጊዜዎን አያባክኑበት።

አበዳሪው ባንክ ሳይሆን ግለሰብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3060 መሠረት «ካልከፈልኩህ ቤቱን ውሰደው» ወይም «ራስህ ሽጠው» የሚል ስምምነት ዋጋ የለውም። ግለሰብ አበዳሪ ከሶ፣ አስፈርዶ፣ በአፈጻጸም በኩል ማሸጥ አለበት።

ደረጃ 3፦ ሂሳቡን ያጣሩ

ከባንኩ ዝርዝር መግለጫ በጽሑፍ ይጠይቁ። ዋናው ብድር፣ ወለድ፣ የቅጣት ወለድ፣ ኢንሹራንስ፣ ልዩ ልዩ ወጪ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው። ከዚያ ከደረሰኞችዎ ጋር ያስተያዩ።

የሂሳብ ስህተት ብቻውን ሐራጁን ላያስቆም ይችላል፤ ዕዳ አለብዎትና። ሆኖም ከፍለው ያልተመዘገበ ገንዘብ ቢገኝ፣ ወይም ባንኩ ከውሉ በላይ ወለድ አስቦ ቢሆን፣ «ሂሳቡ ይጣራልኝ» የሚለው ጥያቄዎ ክብደት ያገኛል። ዳኛውም ዕዳውን ለመሸሽ እንዳልመጡ ያያል።

ደረጃ 4፦ ለባንኩ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ኮፒው ላይ ማህተም ያስመቱ

ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት፣ ቢቻል በመጀመሪያው ሳምንት፣ ለባንኩ ደብዳቤ ያስገቡ። ሦስት ነገር መጠየቅ ይችላሉ፦ ብድሩ እንዲራዘም፣ ማስጠንቀቂያው ጉድለት ስላለበት እንደገና እንዲሰጥ፣ ወይም ራስዎ ገዢ ፈልገው እንዲሸጡ ፈቃድ።

ሦስተኛውን ሰዎች ይረሱታል። እኔ ግን ከክሱ በፊት እሱን እንዲሞክሩ አጥብቄ እመክራለሁ። በሐራጅ የሚገዛ ሰው ርካሽ ፈልጎ ነው የሚመጣው። ራስዎ ያመጡት ገዢ ገንዘቡን በቀጥታ ለባንኩ ከፍሎ፣ ባንኩ መያዣውን አንስቶ፣ ትርፉ ለእርስዎ ሲቀር ከሐራጁ የተሻለ ዋጋ ያገኛሉ።

ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ። አንዱ ገቢ ሲሆን ሁለተኛው ላይ ቀንና ማህተም ያስመቱ። በቃል የነገሩት ነገር ችሎት ላይ የለም። ሥራ አስኪያጁ «ችግር የለም፣ ትንሽ እንጠብቅዎታለን» ቢልዎትም ያንኑ በደብዳቤ ይጠይቁት።

ደረጃ 5፦ ምክንያትዎን ይምረጡ

ክሱን አሥር ምክንያት አይደርድሩበት። ሁለት ጠንካራ ይበቃል። ዳኛ የሚሰማቸው እነዚህን የመሰሉትን ነው፦

- የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ አልተሰጠም ወይም አልሞላም
- በውሉ ላይ ባንኩ እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት የለም
- ቤቱ የተያዘው ለሚሸጥበት ዕዳ አይደለም
- ዕዳው ተከፍሏል፣ ወይም መክፈያ ጊዜው በጽሑፍ ተራዝሟል
- የሐራጅ ማስታወቂያው ንብረቱን በስህተት ይገልጻል
- ሐራጁ በማስታወቂያው ከተባለው ቀን፣ ሰዓት ወይም ቦታ ውጪ ተካሄደ
- በጨረታው ላይ ማጭበርበር ነበረ

የማስታወቂያው ነገር ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ጋዜጣውን ከካርታዎ ጋር አስተያዩት። የካርታ ቁጥሩ፣ ወረዳው፣ የቦታው ስፋት፣ የቤቱ አገልግሎት፣ የመነሻ ዋጋው። 250 ካሬ የሆነው ቦታ 150 ተብሎ ከወጣ፣ ወይም ጂ ፕላስ 2 የሆነው ቤት ምድር ቤት ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ጥሩ ገዢ አይመጣም። ጉዳቱ እዚያው ይታያል።

የማያዋጡትንም ልንገርዎት። «ሥራዬ ተበላሸ»፣ «ልጆች አሉኝ»፣ «ቤቱ ከዚህ በላይ ያወጣል» የሚሉት ያለ ሌላ ጥሰት ብቻቸውን አይረዱዎትም። ዋጋ አነሰ የሚለው ክርክር የሚሠራው ከሥርዓት ጥሰት ጋር ሲያያዝ ነው።

ደረጃ 6፦ ትክክለኛው ፍርድ ቤት

አዲስ አበባ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ያዩታል። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የክሱ ገንዘብ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ከሆነ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ክልል ላይ ከሆኑ ንብረቱ ባለበት አካባቢ ካለው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሥልጣኑን ይጠይቁ። የተሳሳተ ፍርድ ቤት ከከፈቱ መዝገቡ ይዘጋል፤ በሐራጅ ጉዳይ ደግሞ የጠፋ ሳምንት አይመለስም።

የዳኝነት ክፍያ ከክሱ ገንዘብ ጋር ይጨምራል። መክፈል ካልቻሉ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 467 መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመልክቱ። የሕግ ትምህርት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚያካሂዷቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አሉ፤ አቤቱታ ለመጻፍ ያግዙዎታል።

ደረጃ 7፦ ክሱን ይጻፉ

አጭር ይሁን። ውሉ መቼ እንደተደረገ፣ ምን እንደተበደሩ፣ ምን ያህል እንደከፈሉ፣ ባንኩ ምን እንዳደረገ፣ የትኛውን ድንጋጌ እንደጣሰ። ማስረጃውንና የምስክሮችን ዝርዝር አያይዙ። ዋናውን አንቀጽ በዚህ መልክ ሊጽፉት ይችላሉ፦

«ተከሳሽ ባንክ ማስጠንቀቂያውን ለከሳሽ የሰጠው ጥር 5 ቀን ሲሆን ሐራጁን ጥር 28 ቀን ለማካሄድ ማስታወቂያ አውጥቷል። ይህም በአዋጅ ቁጥር 97/1990 አንቀጽ 3 የተደነገገውን የ30 ቀን ጊዜ አያሟላም።»

የሚጠይቁትን ዳኝነት በቅደም ተከተል ያስቀምጡ። አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያውና ሐራጁ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ እንዲወሰን። ሁለተኛ፣ ሂሳቡ እንዲጣራ። ሦስተኛ፣ በአማራጭ፣ ንብረቱ ተሽጦ ከተገኘ በአዋጁ አንቀጽ 7 መሠረት ኪሳራ እንዲከፈል። «በአማራጭ» የምትለዋን ቃል አይርሷት። ክርክሩ ሳያልቅ ቤቱ ቢሸጥ ክስዎ ባዶ እንዳይቀር የምታደርገው እሷ ናት።

ደረጃ 8፦ እግዱን ከክሱ ጋር አብረው ያቅርቡ

ክስ መክፈት ብቻውን ሐራጁን አያቆመውም። ብዙ ሰው «መዝገብ ከፍቻለሁ» ብሎ ቤቱ ይተኛል፤ ሐራጁ በቀኑ ይካሄዳል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት የጊዜያዊ እግድ አቤቱታ ለብቻው፣ ከቃለ መሐላ ጋር ያስገቡ። ፍርድ ቤቱ ክርክር የተነሳበት ንብረት ሊተላለፍ እንደሚችል እንዲያይ የሐራጁን ቀን በጉልህ ይጻፉ፣ ጋዜጣውንም አያይዙ።

ሳልሸሽግ ልንገርዎት። ፍርድ ቤቶች ሕጉ ለባንክ የሰጠውን የመሸጥ ሥልጣን በእግድ ለማስቆም በጣም ይጠነቀቃሉ። እግድ የሚገኘው ጉድለቱ ከወረቀቱ ላይ በግልጽ ሲነበብ ነው። ቀኖቹን በደረጃ 1 የቆጠሩት ለዚህ ነው። ዳኛው ዋስትና እንዲያስይዙ ሊጠይቅም ይችላል፤ ውዝፉን ወይም ከፊሉን ለማስያዝ ዝግጁ መሆንዎን አቤቱታው ላይ ቢጽፉ ይረዳዎታል።

ክረምት ላይ ፍርድ ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ አስቸኳይ ጉዳይ የሚያዩ ተረኛ ችሎቶች አሉ። እስኪከፈት አይጠብቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ እግዱ ከተሰጠ ትእዛዙ በራሱ እግር ባንኩ ጋ አይሄድም። የታተመውን ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት ተቀብለው በዚያው ቀን ለባንኩ የሕግ ክፍልና ለይዞታ አስተዳደር ቢሮው ያድርሱ። ሁለቱም ጋ ኮፒዎ ላይ ገቢ ማህተም ያስመቱ። ትእዛዙ ጠረጴዛ ላይ እያለ ሐራጁ ካለቀ ሌላ ረጅም ክርክር ውስጥ ይገባሉ።

ደረጃ 9፦ እግድ ካልተገኘ ሐራጁ ቦታ ላይ ይገኙ

ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። ማስታወቂያዎቹ ላይ «ተበዳሪው ባይገኝም ሐራጁ በሌለበት ይካሄዳል» ተብሎ ስለሚጻፍ ሰው ቤቱ ይቀራል። ይሂዱ። ስንት ተጫራች እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደተጀመረ፣ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ማን እንዳስያዘ፣ በስንት ብር እንደተሸጠ ይጻፉ። አንድ ምስክር ይዘው ይሂዱ። ጭቅጭቅ አያንሱ፤ የመጡት ለማየትና ለመመዝገብ ነው። ዕዳውንና ወጪውን የሚሸፍን ገንዘብ በእጅዎ ከገባ ደግሞ ሐራጁ ሳይጀመር ሲፒኦውን ያቅርቡና መቀበያ ይጠይቁ።

ደረጃ 10፦ ከተሸጠ በኋላ

ስሙ ለገዢው ሳይዛወር ይፍጠኑ። ሽያጩ እንዲፈርስ ሲጠይቁ ገዢውንም ተከሳሽ ያድርጉ፤ ያልተከሰሰ ሰው ላይ ውሳኔ አይፈጸምም። ጉልህ የሥርዓት ጉድለት ወይም ማጭበርበር እንደነበረ፣ በዚያም ምክንያት ከባድ ጉዳት እንደደረሰብዎ፣ ሁለቱንም ማስረዳት አለብዎት። ለጉዳቱ ገለልተኛ መሐንዲስ የሠራው ግምት ያቅርቡ። የጎረቤት ቤት በስንት ተሸጠ የሚል ወሬ አይበቃም።

ከዕዳው የተረፈ ገንዘብ ካለ የእርስዎ ነው፤ ዝርዝር ሂሳቡን በደብዳቤ ይጠይቁ። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ባንኩ ለቀሪው ሊከስዎት ይችላል። «ቤቱን ወሰዱት፣ ተገላገልኩ» ብለው ስልክዎን አያጥፉ።

በመጀመሪያ ደረጃ ከተፈረደብዎ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ነው።

ደግሜ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ማስጠንቀቂያ አልቀበልም ማለት። አለመቀበልዎ በምስክር ይመዘገባል፤ እርስዎ ግን የሚቆጥሩትን ቀን ያጣሉ።

ቤቱን በድብቅ ለዘመድ ማዛወር ወይም ለሌላ ሰው በመንደር ውል መሸጥ። መያዣው ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ገዢው ደግሞ በማታለል ሊከስዎት ይችላል።

«ሐራጁን አስቆምልሃለሁ» ለሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ገንዘብ መስጠት። ሐራጅ የሚቆመው በባንኩ ውሳኔ፣ በክፍያ ወይም በዳኛ ትእዛዝ ነው። ደረሰኝ የማይሰጥና ፈቃዱን የማያሳይ ሰው ጋ ሰነድዎን አይተዉ።

ውጭ አገር ሆነው በስልክ ብቻ መከታተል። ዋሽንግተንም ይሁኑ ዱባይ፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ይስጡ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። ይህ ቀናት ስለሚወስድ ማስጠንቀቂያው እንደደረሰ ይጀምሩት። በውክልናው ላይ «ለመክሰስ፣ ለመከሰስ፣ ለመታረቅ፣ ንብረት ለመሸጥ» የሚሉት በግልጽ ይጻፉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ለእነዚህ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «ጉዳዬን ሁሉ እንዲፈጽም» ተብሎ በጅምላ የተጻፈ ውክልና ይዞ የመጣ ወንድም ከባንኩ ጋር ስምምነት ላይ ቢደርስ እንኳ መፈረም አይችልም።